ጥልቀትን በድር ላይ መለካት፦ የሁለት አሮጌ ሌንሶች የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 3

አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሄዶ ከነበረበት ከሶቪየት ኅብረት ይዞት የመጣው ዜኒት-ኢ ካሜራ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ እኔ እጅ ከገባ ሁለት ወር አለፈው። አብረውት የመጡት ሌንሶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ 44-2 ሲሆን፣ ሌላው ከጠርሙስ ክዳን ብዙም የማይበልጠው 50 ሚሊ ሜትሩ ኢንዱስታር 50-2 ነው። ሁለቱም ኤም42 በሚባለው 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥምዝ ካሜራው ላይ ስለሚገቡ፣ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ለመግጠም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሽሮ ሜዳ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አረጋዊ ሸማኔ አሉ። በሥራ ላይ እንዳሉ በጥቁርና ነጭ ፊልም እንዳነሣቸው ፈቅደውልኛል፤ እኔ ግን እሳቸው ፊት ቆሜ በግምት ማንሣት አልፈለግሁም። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዋጋውም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኒህን ሰው ጊዜያቸውን ወስጄ ብዥ ያለ ሥዕል ይዤላቸው መመለስ አይገባኝም። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አስቀድሜ ለማወቅ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ የትኛው ሌንስ፣ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ምን ያህል ሲከፈት፣ የጥጥ ክርን እንደ ክር አድርጎ እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው፣ ጠፍጣፋ በሆነ ወረቀት ላይ ጥልቀት የምንለው ስሜት በእርግጥ ከምን እንደሚመጣ ነው።

ስለ ሌንሶቹ ዘር ጥቂት ልጻፍ፤ በኋላ ጠባያቸውን ለመረዳት ይጠቅማልና። ሄሊዮስ 44 ካርል ዛይስ የና ለ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው የቢዮታር ሌንስ ወራሽ ነው፤ የቢዮታርን ንድፍ የሠራው ቪሊ ሜርቴ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው በራሳቸው ፋብሪካዎች አምርተውታል። በውስጡ ስድስት መስታወቶች በአራት ክፍል ተደርድረዋል። ኢንዱስታሩ ደግሞ ፓውል ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ለዛይስ የሠራው የቴሳር ቤተሰብ ነው፤ መስታወቶቹ አራት ብቻ ናቸው። ሄሊዮስ እስከ ኤፍ 2 ድረስ ይከፈታል፤ ኢንዱስታር ግን ከኤፍ 3.5 አያልፍም (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)።

ጥቅምት 7

የሌንስ መፈተኛ ሰሌዳ አልገዛሁም፤ ለእኔ ሥራ ድሩ ራሱ ከማንኛውም ሰሌዳ ይሻላል። በሸማኔው ፊት ለፊት የተወጠረው ድር ከሰውየው ወደ ካስማው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ካሜራውን በድሩ አንድ ጫፍ አቁሞ ወደ ሌላው ጫፍ ለሚመለከት ሰው ርቀትን ልክ እንደ ማስመሪያ ያሳየዋል። ከዚህም በላይ ነጭ የጥጥ ክር ከበስተኋላው ካለው ጨለማ ጋር ሲነጻጸር፣ ሌንሱ ትንሿን ጥፋት እንኳን እንዲደብቅ አይፈቅድለትም።

«አባባ፣ ድሩ ላይ ምልክት ባስርበት ይቀየሙኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዳይበጠስብኝ ብቻ ተጠንቀቅ እንጂ እሰር፣ ልጄ» አሉኝ፤ እሳቸው ምሳቸውን እስኪበሉ ድረስም ቦታውን ለቀቁልኝ።

ከካሜራው 1.5 ሜትር ርቆ በሚገኝ ነጥብ ላይ አንድ ጥቁር ክር በላላ ቋጠሮ አሰርኩ። ከዚያ ነጥብ ተነሥቼ ወደ ካሜራውም ወደ ካስማውም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ሌሎች ጥቁር ክሮችን አሰርኩ። ፎከሴ መካከለኛው ክር ላይ ነው፤ የቀሩት የጥልቀት መለኪያዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ያላሰብኩት ችግር ገጠመኝ። የዚህ ካሜራ መዝጊያ የሚሠራው ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከዚያ የዘገየ ካስፈለገ ጣት እስኪነሣ ድረስ ክፍት ሆኖ በሚቆየው በቢ መጠቀም ግድ ይላል። ከኤፍ 2 እስከ ኤፍ 16 ድረስ ያለው፣ እያንዳንዱ ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ፣ ስድስት ደረጃ ሲሆን፣ በመዝጊያው ላይ ያለው ግን አራት ደረጃ ብቻ ነው። በአንድ ዓይነት ብርሃን ሁሉንም ቀዳዳ መፈተን አይቻልም ማለት ነው። የጫንኩት ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም ብርሃን የመቀበል ፍጥነቱ መጠን 400 ነው፤ በበሩ በኩል በሚገባው ብርሃን ኤፍ 2ን በ1/500፣ ኤፍ 2.8ን በ1/250፣ ኤፍ 4ን በ1/125፣ ኤፍ 5.6ን በ1/60፣ ኤፍ 8ን በ1/30 አነሣሁ። ለኤፍ 11 እና ለኤፍ 16 ግን የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በበሩ ገብታ ድሩን እስክታበራው ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከማጠቤ በፊት ምን መጠበቅ እንዳለብኝ በስሌት አውጥቻለሁ። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በተለምዶ የሚፈቀደው ትልቁ የብዥታ ነጥብ፣ ፊልሙ ላይ ሲለካ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ልክ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1.5 ሜትር ላይ ፎከስ ሲደረግ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት በኤፍ 2 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በኤፍ 4 ወደ 15፣ በኤፍ 8 ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ ስፋት ከፎከሱ ነጥብ ግራና ቀኝ እኩል አይካፈልም፤ በኤፍ 8 ወደ ካሜራው 14፣ ወደ ካስማው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ጥቅምት 9

ፊልሙን ዲ-76 በሚባለው ማጠቢያ ኬሚካል፣ ከውሃ ጋር እኩል አድርጌ በርዤ፣ በ20 ዲግሪ ለ11 ደቂቃ አጠብኩት። ሲደርቅ በብርሃን ሳጥን ላይ ዘርግቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ አዘንኩም። ኔጌቲቩ በብርሃንም በንጽጽርም ጥሩ ነው፤ ዳሩ ግን በኤፍ 2 ጥርት ብሎ የታየው መካከለኛው ክር ሳይሆን ከእሱ ፊት ያለው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ካሜራው የቀረበው ክር ነው። ኤፍ 2.8ም ያው ነው። ኤፍ 5.6 ላይ ሲደርስ ስሕተቱ በጥልቀቱ ስፋት ተሸፍኖ ስለሚጠፋ፣ በቀን ብርሃን ቀዳዳውን አጥብቦ የሚያነሣ ሰው ይህን ጉድለት ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዓይኔን ነው። ነገር ግን ሦስት ጊዜ አዲስ ፎከስ አድርጌ ያነሣኋቸው ሦስቱም በአንድ አቅጣጫና በአንድ ልክ የተሳሳቱ ናቸው። ዓይን ቢሆን ኖሮ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሳሳት ነበር።

ጥቅምት 12

በዚህ ዓይነት ካሜራ ላይ ዓይን የሚያየው ብርሃን በ45 ዲግሪ በተጋደመው መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ላይኛው የፎከስ ብርጭቆ ይሄዳል፤ ፊልሙ የሚያገኘው ብርሃን ግን መስታወቱ ሲነሣ በቀጥታ ነው። ሁለቱ መንገዶች በርዝመት እኩል ካልሆኑ ዓይን ጥርት ያለ ነገር እያየ ፊልሙ ብዥታ ይቀበላል። ስለዚህ ሌንሱን ሳይሆን ካሜራውን መፈተን ያስፈልጋል።

የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ፣ ፊልም በሚያርፍባቸው ሁለት ሐዲዶች ላይ ደብዘዝ ያለ ግልጽ ፕላስተር ወጥሬ ለጠፍኩ። መዝጊያውን በቢ ከፍቼ፣ ሄሊዮሱን በኤፍ 2 አድርጌ፣ መብራት ያበራሁበትን ጋዜጣ በፕላስተሩ ላይ በአጉሊ መነጽር ተመለከትኩ። ፊደሎቹ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ጥርት የሚሉት ግን በላይኛው ብርጭቆ ጥርት ብለው ከሚታዩበት ቦታ የተለየ ቦታ ላይ ነው። ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ።

ምክንያቱን ያገኘሁት መስታወቱን በእንጨት ስንጥር በቀስታ አንሥቼ በእጅ ባትሪ ሳይ ነው። መስታወቱ ሲወርድ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከረጅም ዓመታት ማስቀመጥ የተነሣ፣ የደረቀ ቅባትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ያ ስስ ቅርፊት መስታወቱን በፀጉር ውፍረት ያህል ከቦታው አንሥቶ ይዞታል። በጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ በአልኮል አርሼ፣ መስታወቱን ሳልነካ አጸዳሁት። ፕላስተሩን መልሼ ስፈትነው ላይኛው ብርጭቆና ፕላስተሩ ተስማሙ። ይህን ፈተና ማንም አሮጌ ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ጥቅል ፊልም ከማባከኑ በፊት ቢያደርገው እመክራለሁ፤ የሚፈጀው አሥር ደቂቃና አንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው።

ጥቅምት 16

ሁለተኛው ጥቅል ታጥቦ ደርቋል፤ አሁን ስለ ሌንሱ ራሱ በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ።

በኤፍ 2 መካከለኛው ክር አለ። ከሩቅ ሲታይ ብዥ ያለ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ቀርበው ሲያዩት ግን የክሩ መጠምዘዝ፣ ሁለት ቦታ ላይ ከጎኑ ያፈነገጡት የጥጥ ጭረቶች ሳይቀሩ፣ ሁሉም ተመዝግበዋል። የጎደለው ዝርዝር አይደለም። በክሩ ዙሪያ፣ በጠዋት ብርድ እንደሚታይ ትንፋሽ፣ ስስ የብርሃን ጉም አለ፤ ጉሙ ከነጩ ክር ወደ ጨለማው ፈስሶ ጥላውን ግራጫ ያደርገዋል። ዝርዝርን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ጠርዝን ቁርጥ አድርጎ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ዓይናችን ፎቶን «ጥርት ያለ» የሚለው ከሁሉ በፊት ጠርዙን አይቶ ነው።

ጉሙ የሚመጣው በሌንሱ ጠርዝ በኩል የሚያልፉት ጨረሮች በመሐሉ ከሚያልፉት ጋር አንድ ነጥብ ላይ ስለማይገናኙ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነዚያው የጠርዝ ጨረሮች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የመቀነሱ ፍጥነት ነው፤ የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ይህ ዓይነቱ ብዥታ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ከፎከስ ውጭ ከመሆን የሚመጣው ብዥታ ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። እኔ በድሩ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ኤፍ 2.8 ላይ ጉሙ ሳስቷል፤ ኤፍ 4 ላይ ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ ጠፍቷል፤ ክሩ ንጹሕ፣ ጥላው ጥቁር ሆኗል። ያም ሆኖ ጥልቀቱ ገና 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመካከለኛው ክር 10 ሴንቲ ሜትር የራቁት ምልክቶች በግልጽ ለስልሰዋል። ሌንሱ ከጉሙ ነጽቶ ጥልቀቱ ግን ገና ጠባብ የሆነበት ይህ ቦታ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው።

ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 8 የሄሊዮሱ ምርጥ ናቸው፤ ከመሐል እስከ ጥግ ድረስ ክር ከክር ይለያል። ኤፍ 16 ላይ ግን፣ ከካሜራው አጠገብ እስከ ሩቅ ድረስ ብዙ ምልክቶች ቢታዩም፣ መካከለኛው ክር ራሱ በኤፍ 8 የነበረውን ስለት አጥቷል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን፣ አንድ ነጥብ ፊልሙ ላይ በኤፍ 8 የ0.011 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 16 ደግሞ የ0.021 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ይሆናል። ይህ የሌንሱ ጥፋት አይደለም፤ የትኛውም ሌንስ የማያመልጠው የብርሃን ጠባይ ነው።

ጥቅምት 18

ከሸማኔው ቤት ደጃፍ ባለው ጥድ ሥር የጎረቤት ልጅ አቁሜ ሄሊዮሱን በኤፍ 2 ሞከርኩት፤ ምክንያቱም ይህ ሌንስ የታወቀበትን የሚሽከረከር ዳራ በራሴ ዓይን ማየት ፈልጌ ነበር። እውነትም በቅጠሎቹ መሐል የሚገባው ብርሃን በፎቶው መካከል ክብ፣ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ደግሞ እንደ ሎሚ በሁለት ወገን የሾለ ሆኗል። ሎሚዎቹ ሁሉ በልጁ ራስ ዙሪያ ተሰልፈው የዞሩ ይመስላሉ። በጎን የሚገባው ብርሃን ሙሉውን ቀዳዳ አያገኝም፤ የሌንሱ አካል ከፊትና ከኋላ ይከረክመዋል፤ የሎሚው ቅርጽ የዚያ የተከረከመ ቀዳዳ ሥዕል ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ክርከማው ይጠፋል፤ በኤፍ 4 ነጥቦቹ ስምንት ማዕዘን ሆኑ፤ የሌንሱ የቀዳዳ ምላጮች ስምንት ናቸውና።

ውበት የለውም አልልም። ለዚህ ሥራ ግን አልፈልገውም። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሽክርክሩ ነው፤ እኔ እንዲያወራ የምፈልገው ስለ ሸማኔው እጆች ነው።

ጥቅምት 23

ኢንዱስታሩ። በኤፍ 3.5 መሐሉ ጥሩ፣ ጥጎቹ ግን ደካሞች ናቸው። ከኤፍ 8 ጀምሮ እስከ ጥግ ድረስ ይስተካከላል፤ እዚያ ላይ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ከሄሊዮሱ ልለየው አልቻልኩም። በ1.5 ሜትር ላይ በኤፍ 3.5 የሚሰጠው ጥልቀት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ሌንስ ጋር ያለኝ ችግር የጥራት ሳይሆን የጨለማ ነው፤ በዚያች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በኤፍ 3.5 የፎከስ ብርጭቆው ስለሚጨልም፣ ዓይን በየትኛው ክር ላይ እንዳለ ማወቅ ያስቸግራል።

ኅዳር 1

ዛሬ ሸማኔውን አነሣሁ። ሄሊዮሱን ይዤ፣ በኤፍ 2፣ በኤፍ 4 እና በኤፍ 5.6 እየቀያየርኩ፣ ካሜራው ከፊታቸው 1.5 ሜትር ያህል ርቆ ነው።

መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። እጆቻቸው ከፊታቸው ወደ ካሜራው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀርባሉ፤ በኤፍ 4 ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። ወደ ጎን ዞሬ፣ እጃቸውና ዓይናቸው ከካሜራው እኩል እንዲርቁ አድርጌ ስቆም ግን፣ ቀዳዳውን ሳልነካ ሁለቱም በጥልቀቱ ውስጥ ገቡ። የጥልቀቱን ስፋት የሚወስኑት ቀዳዳው፣ ርቀቱና ሌንሱ ይሁኑ እንጂ፣ በዚያ ጠባብ ስፋት ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነው የቆምኩበት ቦታ ነው።

ብርሃኑ ከበሩ፣ ከጎን ይመጣ ነበር። መወርወሪያዋ በድሩ መሐል ስታልፍ በ1/125 ሰከንድ አትያዝም፤ ነጭ መስመር ሆና ትቀራለች። ይህን አላርመውም፤ እጁ ቆሞ መወርወሪያዋ መሮጧ የሥራውን እውነት ያሳያል።

ኅዳር 5

ማታውን ስድስት ፎቶ አተምኩ። ከሁሉ በፊት ያተምኩት በኤፍ 2 ያነሣሁትን ነው፤ ዳራው ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ ጥልቀት ያለው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። ሰውየው ከግራጫ ወረቀት ላይ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ፤ ፊታቸው አንድ ገጽ፣ ዳራው ሌላ ገጽ፣ በመካከላቸው ምንም የለም። በኤፍ 5.6 የተነሣው ከዚህ ይልቅ ጥልቀት አለው፤ ምክንያቱም ድሩ ከእጆቻቸው ተነሥቶ ወደ ካስማው ሲሄድ ክሮቹ ቀስ በቀስ እየለሰሱ፣ እየሳሱ፣ በመጨረሻም አንድ ነጭ ጥላ እስኪሆኑ ድረስ ዓይንን እየመሩ ይወስዱታል። ዓይን ርቀትን የሚያነበው ከዚያ ጉዞ ነው፤ ጉዞው ከጠፋ ብዥታው ብቻውን መጋረጃ ይሆናል። በኤፍ 4 የተነሣው ሁለቱንም ይዟል፤ የጉዞው መጀመሪያ ይታያል፣ ከኋላ ያለው የቆርቆሮ ግድግዳም አይረብሽም። የመረጥኩት እሱን ነው።

አንድ ነገር በማተም ላይ ሳለሁ ገባኝ። በ18 በ24 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ጥርት ያለው ዓይናቸው፣ ያንኑ ኔጌቲቭ ወደ 30 በ40 ሳሳድገው በጥቂቱ ለሰሰ። ፊልሙ ላይ 0.03 ሚሊ ሜትር የነበረው ነጥብ በትንሹ ወረቀት ላይ 0.23፣ በትልቁ ላይ 0.38 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት የሚያይ ሰው ያስተውለዋል። የጥልቀት ሠንጠረዥ የሚሠራው ለተወሰነ የወረቀት መጠንና ለተወሰነ የመመልከቻ ርቀት ነው፤ ትልቅ ለማተም ያሰበ ሰው ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ቢያጠብ ይሻለዋል። እኔ በ18 በ24 ረግቻለሁ።

ኅዳር 8

ፎቶውን ወሰድኩላቸው። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጥተው፣ ከራሳቸው ፊት ይልቅ ድሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በጥፍራቸው ጫፍ፣ ከግራ እጃቸው አጠገብ ያለች አንዲት ነጥብ እያሳዩ፣ «ይቺ ተበጥሳ የቀጠልኳት ናት» አሉኝ። ቤት ገብቼ ኔጌቲቩን በአጉሊ መነጽር ስፈልገው ቋጠሮው አለ፤ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ፣ ሁለት ጫፎቿ ወደ ላይ የቆሙ።

ከመሄዴ በፊት ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ ሥራው ሲያልቅ የነጠላው ጥበብ ከዳር እስከ ዳር የሚታይበት አንድ ፎቶ ይፈልጋሉ። ለዚያ ጥልቀት አያስፈልግም፤ ጨርቁ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትክክል ሆኖ በትሪፖድ ይቆማል፣ የሚፈለገውም እስከ ጥግ ድረስ እኩል የሆነ ስለት ነው። ነጠላውን በሚቀጥለው ሳምንት ከዕቃው ያወርዱታል። ኢንዱስታሩን፣ በኤፍ 8፣ በጠዋት ብርሃን ግቢ ውስጥ እጠቀማለሁ።